በረዶ የነካው ሳጥን

የመጋዘኗ ኃላፊ ሁለቱን ሰማያዊ የክትባት ሳጥኖች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ አይስ ፓኮቹን ከማቀዝቀዣው እያወጣች ደረደረች። ውሃ ተሞልተው ድንጋይ እስኪመስሉ የረጉ ጠፍጣፋ ፕላስቲኮች ናቸው። ደርድራ ስትጨርስ ግን ሳጥኑ ውስጥ አልከተተቻቸውም። እጇን አጣጥፋ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች።

«ምን እየጠበቅን ነው?» አለች ነርሷ።

«ላብ እስኪያልባቸው።»

«እዚያ ታች እኮ ድንጋይ የሚሰነጥቅ ሙቀት ነው ይባላል። አሁኑኑ ቢገቡ አይሻልም?»

ሴትየዋ አንዱን አንስታ ጆሮዋ አጠገብ ነቀነቀችው። «ውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ ነው የሚገባው» ብላ መልሳ አስቀመጠችው።

ነርሷ አላመነቻትም። በሆስፒታል ዋርድ በሠራችባቸው ዓመታት ተሰጠ የተባለ መድኃኒት ሳይሰጥ፣ ሞልቷል የተባለ የኦክስጅን ሲሊንደር ባዶ ሆኖ ስታገኝ ኖራለች። ዓይኗ ያላየውን፣ እጇ ያልነካውን ነገር ማመን ካቆመች ቆይታለች። ይህቺ ሴትዮ ወይ ሰንፋለች፣ ወይ ለሌላ ሰው በረዶ እያስቀረች ነው ብላ ጠረጠረች። ሴትየዋ ማሸጊያ ፕላስተር ልታመጣ ወደ ጓዳ ስትገባ፣ ነርሷ ማቀዝቀዣውን ከፍታ ሁለት ደረቅ፣ ገና ላብ ያላወጡ አይስ ፓኮች አወጣችና በመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ፣ እንዳይታዩ ከክትባቱ ብልቃጦች ሥር አጣብቃ ሸጎጠቻቸው። ለሁለተኛውም ልታወጣ እጇን ስትሰድ ኮቴ ሰማች። ቶሎ ብላ ዘጋችው። አንዱ ሳጥን እንኳ ከሙቀት ተረፈ ስትል ልቧ ትንሽ አረፈ።

የነርሷ እናት ከመጋዘኑ ግቢ በር ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከእግር እስከ ራሷ ቃኟት።

«መንገድ መሪው ማነው? ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም እማዬ።»

«ሚስት አለው?»

«እኔ ላገባው ነው እንዴ?»

«ሚስት ያለው ሰው ቢያንስ አንድ የሚፈራው ሰው አለ ብዬ ነው።» እናት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጓደኞችሽ ከሆስፒታል ወጥተው የት ገቡ? አንዷ ኢንሹራንስ ቢሮ ቁጭ ብላ ወረቀት ታያለች። አንዷ ትምህርት ቤት ውስጥ የልጆች ጉልበት ታሽጋለች። ያቺ ቀጭኗ ደግሞ ስልክ ላይ ሆና ሰው ትመክራለች፤ በስልክ! አንቺ ብቻ በቅሎ ልትከተዪ!»

«እማዬ፣ ወገቤ አልቋል። ቀን አንድ በሽተኛ ደግፌ ካነሳሁ፣ ማታ ራሴን የሚያነሳኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

«በቅሎ ወገብ ይጠግናል ተብሏል?»

ነርሷ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። ከወንዙ ማዶ ባለው መንደር ትክትክ ገብቷል። የሚያስለው ሕፃን ትንፋሹን መመለስ እያቃተው ነው፤ ያልያዘውን ለማትረፍ ክትባቱ ሳይበላሽ መድረስ አለበት። የክትባት ሥራው አስተባባሪ ኃላፊነቱን ሲሰጣት ፊቱን ሳያቀና ነበር የተናገረው፤ «ከዋርድ የመጡ ነርሶች መንገዱን ሲያዩ ይመለሳሉ። ሳጥኖቹን በደህና ካደረስሽ ሥራው ያንቺ ነው። ካልሆነ አልጋ መግፋትሽን ትቀጥያለሽ።»

መኪናው መንገዱ ያለቀበት ቦታ ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው፤ እንደተቆራረሰ ከሰል አድማሱን የሞላ። መንገድ መሪው ከአንዲት ግራር ጥላ ሥር ሁለት በቅሎዎች ይዞ ተነሳ። ረጅም፣ ጺሙ የሸበተ፣ አንገቱን በየአፍታው ወደኋላ የሚያዞር ሰው ነው። ሾፌሮቹ ቆቁ ይሉታል።

ሾፌሩ ዕቃ እያወረደ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ሲስተር፣ ዶክተር ጃንጥላ የሚባል ሰውዬ አለ። ዶክተርነቱ ከጃንጥላው የሚበልጥ አይደለም። በየመንደሩ ክኒን እየዞረ ይሸጣል። ነፃ ክትባት ይዞ የሚመጣ ሰው ደግሞ ጠላቱ ነው። በየቦታው ሰው አለው ይባላል።»

«ይሄ ሰውዬስ?» አለች ወደ ቆቁ በአገጯ እያመለከተች።

ሾፌሩ ትከሻውን ሰበቀ። «የሰው ልብ በምን ይታያል?»

ይህ ለነርሷ በቂዋ ነበር። ቆቁ የመጀመሪያውን ሳጥን በጥቁሯ በቅሎ፣ ሁለተኛውን በዳማዋ ላይ አስሮ ሲጨርስ፣ ተከትላ እያንዳንዱን ቋጠሮ ፈትታ እንደገና አሰረች። ስትጨርስ እሱም በተራው የእሷን ቋጠሮ ፈትቶ አጠበቀው።

«በቅሎዋ እንደ አንቺ ቆማ አትጠብቅም፤ ትንቀሳቀሳለች» አላት።

ጉዞ ጀመሩ። ድንጋዩ ከጫማዋ ሥር እየተንሸራተተ ይጮኻል፤ ሙቀቱ ከላይም ከታችም ይመጣል። ቆቁ መንገዱ በተከፈለ ቁጥር ጎንበስ እያለ ጥቂት ድንጋዮች ይደራርባል፤ ወደኋላ ዞሮ ያያል፤ ከዚያ ይቀጥላል። መጀመሪያ ላይ ልብ አላለችውም። ደግሞ ሲያደርገው ግን አስተዋለችው። ለማን ነው ምልክቱ? ማን ነው ከኋላችን የሚመጣው? የሾፌሩ ቃል በጆሮዋ ደወለ። ቆቁ ትንሽ ራቅ ሲልላት ክምሩን በጫማዋ ገፋችው። ድንጋዮቹ ተንከባለሉ። የሚቀጥለውንም አፈረሰችው፤ ከዚያ የሚቀጥለውንም።

ከሰዓት በኋላ አድማሱ ላይ ቀይ ግድግዳ ቆመ። ተራራ መሰላት፤ ግን ተራራው ይሄዳል።

«አቧራ!» ቆቁ ጮኸ። «ወደኋላ! ዋሻ አልፈናል፤ እንመለስ!»

በቅሎዎቹን አዙረው ሮጡ። ነፋሱ ደረሰባቸው፤ ፊቷን በአሸዋ ገረፈው፤ ቀኑ ጨለመ። ቆቁ አንድ እጁን መሬት ላይ እየዳሰሰ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይዳስሳል።

«ድንጋዬ የታለ?» አለ። «እዚህ ጋ ነበር የከመርኩት! ድንጋዬ የታለ?»

ነርሷ አፏን በሻሿ አፈነች። ወደ ቀኝ ሄዱ፤ ገደል አፍ ላይ ደረሱና ጥቁሯ በቅሎ የፊት እግሮቿን ተክላ አልሄድም አለች። ከእግራቸው ሥር ድንጋይ ወርዶ ወርዶ፣ ሲያርፍ ድምፁ አልተሰማም።

ቆቁ ልጓሟን ለቀቀላት። «እሷ ታውቀው እንደሆን ትምራን! ጅራቷን ያዢ!»

በቅሎዋ አንገቷን ደፍታ ዞረች። እየተጎተቱ፣ እየወደቁ፣ እየተነሱ ተከተሏት። ትንፋሿ ሊቆረጥ ሲል ነፋሱ በድንገት ዝም አለ፤ ዋሻው ውስጥ ገብተው ነበር።

ለረጅም ጊዜ ሳል ብቻ ሆነ። ከዚያ ነርሷ፣ «እኔ ነኝ ያፈረስኳቸው» አለች።

«ምኑን?»

«ድንጋዮቹን። ለሰው ምልክት የሚሰጡ መስሎኝ።»

ቆቁ ከጺሙ ላይ አቧራውን አራገፈ። «ለሰው ነዋ! ለእኔ! እኔ ሰው አይደለሁም?»

ነርሷ ፊቷን አዙራ እጇን ሥራ ለማስያዝ የመጀመሪያውን ሳጥን ከፈተች። ሙቀት ገብቶ እንደሆነ ልታይ ነበር። ውስጡ ያለው ትንሽ ሙቀት መለኪያ ግን ከዜሮ በታች ነው የሚያሳየው። አንድ ብልቃጥ ልታነሳ ብትል ከአይስ ፓኩ ጋር ተጣብቋል። አላቀቀችውና ወደ ብርሃኑ አቀናችው። ፈሳሹ አይንቀሳቀስም። በረዶ ሆኗል።

ይህ ክትባት ሙቀትን ለጊዜው ይችላል፤ በረዶ ከሆነ ግን አለቀለት። ዋርድ ውስጥ የክትባት ሥራ ስላልነበረ፣ ከጉዞው በፊት በተሰጣት ሥልጠና የሰማችውን በፍርሃቷ ረስታው ነበር። በጥድፊያ ሁለተኛውን ሳጥን ከፈተች። የመጋዘኗ ሴትዮ እንዳሰናዳችው፣ አይስ ፓኮቹ አልቧቸዋል፤ ብልቃጦቹ ቀዝቃዛ ናቸው፣ ፈሳሻቸው ግን እንደ ቀጭን ወተት ይንቀሳቀሳል። ዳነ። አንዱ ብቻ ዳነ።

«ምን ሆነ?» አለ ቆቁ።

«ግማሹን ገደልኩት።»

ነገረችው። ጭንቅላቱን እያከከ ሰማት።

«ይቀልጥ የለ? ሲቀልጥ ያው አይደለም?»

«ያው አይደለም። መርፌው ይወጋል፣ ልጁ ያለቅሳል፣ እናትየው ልጄ ተከተበ ብላ ትሄዳለች። በሽታውን ግን አያስቆምም።»

«ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

ውጭ ነፋሱ ያፏጫል። ቆቁ፣ «ነገ ወንዝ አለ» አለ። «ወንዝ ብዙ ነገር ይወስዳል። እጥለዋለሁ። ወንዝ ወሰደው እላለሁ። ወንዝ አይከሰስ።»

አየችው። ለምን ይደብቅልኛል? ምን ሊያገኝ? ዛሬ የሚደብቅልኝ ሰው ነገ አንገቴን የሚይዝበት ገመድ ይኖረዋል። «አይሆንም። ይዤው እሄዳለሁ» አለችው። ጨዋነት ይዟት አልነበረም፤ ሰው ምስጢሯን እንዲይዝባት አልፈለገችም። ደረቆቹን አይስ ፓኮች አውጥታ ወረወረች፤ የተበላሸው እንዳይምታታባት ሳጥኑ ላይ በነጭ ፕላስተር መስቀለኛ ምልክት ለጠፈችበት።

በማግሥቱ ድንጋዩ አልቆ ወደ ደንገል ወረዱ። ረግረጉ ዳር ከሰው በላይ የቆመ ሣር ነው፤ መንገዱ በሁለት ግድግዳ መካከል እንዳለ ኮሪደር ጠባብ። ወፍ እንኳ አይጮኽም። ቆቁ ቆሞ አየሩን አሸተተ።

«ሲስተር፣ ቀስ ብለሽ ወደኋላ...»

አልጨረሰውም። ሣሩ ተሰነጠቀና ጎሽ ወጣ። ነርሷ መጀመሪያ ያየችው ቀንዱን ነው፤ ከዚያ የአፍንጫውን ውሃ። ዳማዋ በቅሎ ተነጥላ ሮጠች፤ ደህናው ሳጥን ጀርባዋ ላይ እየዘለለ። ቆቁ ተወንጭፎ የገመዷን ጫፍ ያዘና ሣሩ ውስጥ ከእሷ ጋር ጠፋ። ጎሹ ተከተላቸው። ነርሷ በአጠገቧ ወደነበረ ረጅም ኩይሳ በእጇም በጥፍሯም ቧጥጣ ወጣች። ከላይ ሆና ሣሩ ሲተኛና ሲነሳ አየች። አንድ ጩኸት ሰማች። ከዚያ ጸጥ አለ።

ከኩይሳው ሥር ጥቁሯ በቅሎ የተበላሸውን ሳጥን ተሸክማ ሣር ትግጣለች።

ደህናው ሄደ፤ የቀረልኝ ሬሳው ነው ብላ አሰበች። ወዲያው ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣባት፤ ጩኸቱ ለይስሙላ ቢሆንስ? ሳጥኑን ይዞ ቀጥታ ወደ ባለ ጃንጥላው ቢሄድስ? ወረደች። ፋሻ ለመቁረጫ የያዘችውን መቀስ ከካልሲዋ አውጥታ በእጇ ጨበጠች፤ ጥቁሯን እየሳበች የተሰበረውን ሣር ተከተለች። ጎሹንም ሳያየኝ ልየው፣ ሰውየውንም ሳያየኝ ልየው እያለች ተራመደች።

አንድ ገላጣ ቦታ ላይ አገኘቻቸው። ጎሹ የለም፤ ሄዷል። ዳማዋ ቆማለች፤ ላቧ ይንጠባጠባል። ቆቁ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ገመዱን የእጁ አንጓ ላይ ጠምጥሞ አልለቀቀም፤ መዳፉ ተልጧል። ሱሪው ታፋው ላይ ተቀዷል፤ ደም ሣሩን አርሶታል።

ነርሷ ወደ ሳጥኑ ሮጠች። ከፈተች፤ ብልቃጦቹን አየች፣ ዘጋች። ከዚያ ነው ወደ ሰውየው የተንበረከከችው።

«ቀድመሽ ሳጥኑን አየሽ» አለ ቆቁ በጥርሱ መሐል።

«አዎ።»

«ደግ አደረግሽ።»

ቁስሉን በንጹሕ ውሃ አጠበች። ቀንዱ ጨርፎት እንጂ ዘልቆ አልገባም። መስፊያዋን አወጣች።

«ማደንዘዣ አለ?»

«አለ፤ ግን ትንሽ ነው። ሁሉንም አያዳርስም።»

«ሆስፒታል ብመጣ ይሄኔ ወረፋ ታስጠብቂኝ ነበር።»

«ካርድ ሳያወጡማ አላይዎትም ነበር።»

ቆቁ ሊስቅ ሲል መርፌው ነካውና ሳቁ ወደ እርግማን ተለወጠ። እየሰፋች እጆቹን አየች። የተላጠው መዳፍ አይዋሽም። ጥርጣሬዋ ግን ቶሎ የሚወጣ ነገር አልነበረም፤ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ እንጂ።

ወንዙ ሲደርሱ ውሃው ቡናማና ሰፊ ነበር። በሁለቱ ዳርቻ በተወጠረ ገመድ እየተሳበ የሚሻገር ጠፍጣፋ ጀልባ አለ። ጀልባው ላይ በጆንያ ክምር መካከል አንድ ሰው ጥቁር ጃንጥላ ዘርግቶ ተቀምጧል።

«እህቴ! እንኳን በደህና መጣሽ። ስላንቺ ሰምቻለሁ» አላት።

«ከማን?»

«ከነፋስ።» ፈገግታው ጥርሱ ላይ ቀረ። «ሽማግሌሽ ተጎድቷል አይደል? ሳጥኖችሽን እዚህ ጫኛቸው። አንቺ በሁለተኛው ዙር ትመጫለሽ።»

«ሳጥኖቹ ከእኔ አይለዩም።»

«እንግዲያው አንቺም ነይ። ሽማግሌው ይቆይ።»

«እሳቸውም ከእኔ አይለዩም» አለች ነርሷ፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷን አስደነገጣት። ቆቁም አንገቱን አዙሮ አያት።

ባለ ጃንጥላው ከት ብሎ ሳቀ። «ዶክተርን ያላመነ በሽተኛ መጨረሻው ይታወቃል» ብሎ ገመዱን መሳብ ጀመረ። ማዶ ሲደርስ ጆንያዎቹን በዚያ የሚጠብቁት አህዮች ላይ አስጫነ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቢላ አወጣና ገመዱን ቆረጠው። ጀልባው እየዞረ በወንዙ ወረደ። ሰውየው ጃንጥላውን ከፍ አድርጎ ነቀነቀላቸው።

ነርሷ የምታውቀውን ስድብ ሁሉ ጨረሰች።

«ወደ ላይ ድንጋያማ መሻገሪያ አለ» አለ ቆቁ ታፋውን እየያዘ። «ውሃው እስከ ደረት ነው። ከድንጋዩ በታች ግን አዞ አለ። እኔ ደግሞ ደም እሸታለሁ።»

«እንግዲያው እርስዎ ይቅሩ።»

«ድንጋዩን የማውቀው እኔ ነኝ።»

ቁስሉን በፕላስቲክ ጠቀለለችለት። ደህናውን ሳጥን ከዳማዋ አውርዳ በሻሿ ትከሻዋ ላይ አሰረችው፤ ወገቧ ወዲያው ጮኸ። ቆቁ ውሃው አፍ ላይ ቆሞ ወደ እሷ ዞረ።

«እመኚኝ አልልሽም፤ አታምኚኝም። እኔ የረገጥኩትን እያየሽ ርገጪ። ሳታይ አትርገጪ።»

ገቡ። ውሃው ጉልበቷን፣ ከዚያ ሆዷን፣ ከዚያ ደረቷን መታ። እሱ በዱላው እየነካካ ይረግጣል፤ አይታ ትረግጣለች። አንዴ እግሯ ተንሸራተተ፤ ሳጥኑ ወደ ጎን ሳባት፤ የያዘችው የዳማዋ ጋማ አዳናት። መሐል ሲደርሱ በቀኛቸው ከአሸዋው ላይ አንድ ግንድ ተንቀሳቀሰና ውሃው ውስጥ ገባ። ድምፅ አላሰማም።

«ቶሎ!» አለ ቆቁ። «አትሩጪ፤ ግን ቶሎ!»

ሁለት ዓይኖች ውሃው ላይ እየተንሸራተቱ መጡ። ወደ ቆቁ ነበር የሚመጡት። ጥቁሯ በቅሎ አየቻቸውና አበደች፤ የኋላ እግሮቿን ወርውራ ውሃውን ፈነጠቀችው። አዞው አፉን ከፍቶ ወደ እሷ ዞረ፤ ሲነክስ ያገኘው የስንቁን ከረጢት ነው። ከረጢቱ ተቀደደ። ቆቁ በዱላው ዓይኑ አጠገብ መታው፤ ደግሞ መታው። ነርሷ አንድ እጇን ሰዳ የሰውየውን ቀበቶ ያዘችና በዚያ በሚጮኽ ወገቧ ጎተተችው። ተያይዘው፣ ተጠላልፈው፣ በቅሎዎቹም ከነሱ ጋር፣ ማዶው አሸዋ ላይ ወደቁ።

ቆቁ ውሃ እየተፋ፣ «ወገብሽ?» አለ።

«አለ።»

«ሳጥኑስ?»

«አለ። ያኛውም አለ» አለች ጥቁሯን እያየች። መስቀለኛው ፕላስተር እንደተለጠፈ ነው። ወንዙ የሚወስደውን መርጦ ስንቃቸውን ብቻ ነበር የወሰደው።

መንደሩን ከማየቷ በፊት ሰማችው። ሕፃን ሳያቋርጥ ይስላል፤ ይስላል፤ ከዚያ አየር ለመሳብ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ያወጣል፤ ከዚያ ዝም። ያ ዝምታ ረዘመባት። እንደገና ሳሉ ሲጀምር እሷም ተነፈሰች።

አደባባዩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ባለ ጃንጥላው ወንበር ተሰጥቶት ተቀምጧል።

«መጣችላችሁ!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «በዚህ ሙቀት በበቅሎ ጀርባ ሲንገላታ የከረመ መድኃኒት! ተበላሽቷል። ልጆቻችሁን በተበላሸ ነገር ልትወጋላችሁ ነው።»

ማንም ወደ ነርሷ አልቀረበም። የመንደሩ አዋላጅ፣ ጎበጥ ያሉ አሮጊት፣ ከዳር ቆመው ይመለከታሉ። ከሴቶቹ መሐል አንዲት ሕፃን ያዘለች እናት ብቻ ወደፊት ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ሲያዩት ሕፃኑን ሳሉ እንዳይዘው ሲጠብቅ ለቀናት ያልተኛ ነው።

«እውነት ነው ወይ?» አለች። «ተበላሽቷል?»

ነርሷ ይህን ዓይን ታውቀዋለች። ኦክስጅን ሲሊንደሩን የምትፈትሽበት የራሷ ዓይን ነው። ወደ ቆቁ አየች፤ እሱ መሬቱን ያያል፤ እንዲህም በይ እንዲያም በይ አላላትም። አይደለም ብትል ታምናት ይሆናል። ሁለቱንም ሳጥን ብትከፍት ማንም አያውቅም፤ አስተባባሪውን ጨምሮ።

«ግማሹ እውነት ነው» አለች። «አንዱ ሳጥን ተበላሽቷል። በሙቀት አይደለም፤ በበረዶ ነው። ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። መስቀል ያለበት ያ ነው፤ ከእሱ አንድም ልጅ አልወጋም።»

ጉርምርምታ ተነሳ። ባለ ጃንጥላው ከወንበሩ ሊነሳ ምንም አልቀረውም። «ሰማችሁ? በራሷ አፍ!»

«ሌላው ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ?» አለች እናትየዋ።

«እኔን አትመኚኝ። ነይ ራስሽ እይ።»

በርጩማ አስመጣች። እናትየዋ ራሷ ከእያንዳንዱ ሳጥን አንድ አንድ ብልቃጥ እንድትመርጥ አደረገች። «ሁለቱንም አንድ ላይ ነቅንቂያቸው። በርቺ፣ ጠንከር አድርገሽ። አሁን አስቀምጫቸው። እንጠብቅ።»

ጠበቁ። ሰው ሁሉ በርጩማዋን ከቦ አንገቱን አሰገገ። በአንደኛው ብልቃጥ ውስጥ ነጭ ፍርፋሪ ታየ፤ እንደ ተቆራረጠ ወተት ሆኖ ወደ ታች ወረደ፤ ከላይ ጥርት ያለ ውሃ ቀረ። በሌላኛው ውስጥ ፈሳሹ እንደደፈረሰ፣ ወጥ እንደሆነ ቆየ።

«የወረደው በረዶ የገደለው ነው» አለች ነርሷ።

እናትየዋ አልረካችም። ሁለት ሌሎች ብልቃጦች ራሷ መርጣ ጀርባዋን ሰጠች፤ በቀሚሷ ሸፍና አቀያየረቻቸው፤ ነቅንቃ አስቀመጠች። «የቱ ከየትኛው እንደሆነ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። ንገሪኝ።»

ነርሷ ጠበቀች። ከዚያ በጣቷ አንዱን ነካች። «ይሄ የተበላሸው ነው።»

እናትየዋ ብልቃጡን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ነው» አለች።

«ይሄ አስማት ነው!» አለ ባለ ጃንጥላው።

«እንግዲያው ያንተንም ክኒን አምጣና እንነቅንቀው» አለችው እናትየዋ ዞር ሳትል። መጀመሪያ አዋላጇ ሳቁ፤ ከዚያ አደባባዩ በሙሉ። ሰውየው ጃንጥላውን አጠፈ፤ ከአህዮቹ ጋር ሲሄድ ማንም ልሸኝህ ያለው የለም።

አዋላጇ ወደ ነርሷ ቀረቡ። «ደህናው ለሁሉም አይበቃም፤ አይደል ልጄ?»

«አይበቃም እማማ። የሚያስሉትን በመድኃኒት አክማለሁ፤ ክትባቱ ገና ላልያዛቸው ነው። ከትንሾቹ እንጀምር።»

«የማን ልጅ መቼ እንደተወለደ የማውቀው እኔ ነኝ» አሉና ሴቶቹን ራሳቸው አሰለፏቸው። ተጠራጣሪዋ እናት ቀዳሚዋ ሆነች። መርፌው ሲገባ ሕፃኑ ጮኸ፤ ጠንካራ፣ ሙሉ ጩኸት፤ ትንፋሽ የሞላበት።

ደህናው ሳጥን ባዶ ሲሆን የቀሩ ነበሩ። አንድ አባት ልጁን ታቅፎ ከፊቷ ቆመ። ልጁ ገና አያስልም።

«የእኔስ?»

«የልጅህ ድርሻ በዚያኛው ሳጥን ውስጥ ነበር» አለች ነርሷ። «ሌላ ይዤ እመጣለሁ።»

«ካልመጣሽስ?»

ሰው እንዲያምናት የምታስይዘው ነገር አልነበራትም።

ቆቁ ታፋውን እያሻሸ፣ «አስተባባሪው እውነቱን ሲሰማ ያባርርሻል» አላት።

«ያባርረኝ። ግን ሌላ ሳጥን ከሰጠኝ በኋላ ያባርረኝ። መጀመሪያ የእነዚህን ልጆች ድርሻ አደርሳለሁ።»

አባትየው ልጁን ለሚስቱ ሰጠ። ቤቱ ገብቶ ከግድግዳው ላይ ጦሩን አወረደ፤ ውሃ መያዣውን ሞላ። «አላምንሽም» አላት። «አብሬሽ ሄጄ አብሬሽ እመለሳለሁ። መጋዘኑ ውስጥም ስትገቢ እገባለሁ፤ ሳጥኑ ሲታሸግም ቆሜ አያለሁ።»

ነርሷ ወገቧን ቀና አደረገች። አመማት፤ ግን ቀና አለላት።

«ና» አለችው። «ዓይንህን ከእጄ ላይ እንዳታነሳ።»